ጥቁሯ ሦስት ማዕዘን፦ በጥርስ መሃል ስላለች ክፍተትና ስለ ሕክምናዋ ታሪክ

«ሳይቃጠል በቅጠል» ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። የአባባሉ ትርጉም በትክክል የገባኝ ግን ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በአርባ ሦስት ዓመቴ፣ በአንድ የአሜሪካ ከተማ ውስጥ የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ተንጋልዬ ሳለ ነው።

ነገሩ የጀመረው በትንሿ ልጄ ነው። እራት በልተን ስናበቃ «አባዬ፣ ጥርስህ ውስጥ ጎመን ገብቷል» አለችኝ። መስታወት ፊት ቆሜ በስንጥር ብሞክር፣ በውሃ ብጉመጠመጥ አልወጣ አለ። ለካስ ጎመን አልነበረም። ከላይ ባሉት ሁለት የፊት ጥርሶቼ መካከል፣ ከድዱ ሥር፣ ቀድሞ ያልነበረች ትንሽ ሦስት ማዕዘን ቀዳዳ ተከፍታ፣ የአፌ ጨለማ በእሷ በኩል ይታይ ነበር። ከዚያ ሦስት ወር ቀደም ብሎ የድድ በሽታ አለብህ ተብዬ ከድድ በታች ጥልቅ ጽዳት ተደርጎልኝ ነበር። ያበጠው ድድ ሲሟሽሽ እብጠቱ ሸፍኖት የቆየው ጉዳት ገሃድ ወጣ።

ወደ ክሊኒኩ ተመለስኩ። ሐኪሙ ሁለት ደቂቃ ያህል አይቶኝ ወጣና በምትኩ ፋይል የያዘች ፈገግተኛ ሠራተኛ ገባች። በወረቀቱ ላይ ስድስት የፊት ጥርሶቼ ተሞርደው ቪኒር እንደሚለብሱ የሚገልጽ ዝርዝር፣ ከሥሩም በወቅቱ እነዳት ከነበረችው መኪና ዋጋ የሚበልጥ ሒሳብ ሰፍሯል። የምፈርምበት ቦታ ሳይቀር ቢጫ ምልክት ተለጥፎበታል። በሙያዬ መሐንዲስ ነኝና ማንም መሐንዲስ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሚጠይቃቸውን ሦስት ጥያቄዎች ጠየቅሁ። ችግሩ ከምን መጣ? ሌላስ ምን አማራጭ አለ? ካልተሳካ ወደ ነበረበት መመለስ ይቻላል? መልስ ያገኘሁት ለሦስተኛው ብቻ ነበር። «አይመለስም፤ የተሞረደ ጥርስ መልሶ አይበቅልም» አለችኝ። እስክሪብቶውን መለስኩላትና አመስግኜ ወጣሁ።

ይህ ጽሑፍ የቀሩትን ሁለት ጥያቄዎች መልስ ስፈልግ ካነበብኩትና ከጠየቅሁት የተጠናቀረ ነው። ጸሐፊው የጥርስ ሐኪም አለመሆኑን፣ ይህም የሕክምና ምክርን እንደማይተካ አንባቢ ከወዲሁ እንዲረዳልኝ እፈልጋለሁ። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፍንጭትና ሦስት ማዕዘን አንድ አይደሉም

በጥርስ መሃል ስላለ ክፍተት ሲነሳ የኛ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ፍንጭት ነው። ፍንጭት በባህላችን የቁንጅና ምልክት ነው፤ ዘፋኞቻችንና አዝማሪዎቻችን ሲያወድሱት ኖረዋል። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ሴቶች ድዳቸውን በመነቀስ የጥርሳቸውን ንጣት ያጎሉ እንደነበርም የሚታወቅ ነው። በሌላው ዓለም በሽቦና በሙጫ የሚደፈነው ክፍተት በኛ ዘንድ የሚመረቅበት ጸጋ ነው ማለት ይቻላል።

እኔ የማወራላችሁ ግን ስለ ሌላ ነገር ነው። ፍንጭት ሁለቱ ጥርሶች ከጫፍ እስከ ድድ ሳይነካኩ ተራርቀው ሲበቅሉ የሚፈጠር ነው። ድዱ ጤነኛ ነው፤ ከአጥንቱም የጎደለ ነገር የለም። የጥርስ ሐኪሞች «ጥቁር ትሪያንግል» የሚሏት ክፍተት ላይ ግን ጥርሶቹ ወደ ጫፋቸው አካባቢ ይነካካሉ፤ ባዶው ያለው ከመነካኪያው በላይ፣ ከድዱ ዘንድ ነው። ቦታው በተፈጥሮ ባዶ አልነበረም። በሁለት ጥርስ መካከል ሾል ብላ የምትገባ፣ የትንሽ ድንኳን ቅርጽ ያላት የድድ ጫፍ ትሞላው ነበር። ያቺ ድንኳን ምሰሶ አላት፤ ምሰሶዋም ከሥር ያለው የመንጋጋ አጥንት ነው። ምሰሶው ሲያጥር ድንኳኑ ይወድቃል። ነገሩን በአጭሩ ለመግለጽ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

መንስኤው አንድ ብቻ አይደለም። ዋነኛው አጥንት የሚበላው የድድ በሽታ ነው። የጥርስ ቅርጽም የራሱ ድርሻ አለው፤ ጫፉ ሰፊ፣ ወገቡ ቀጭን የሆነ ጥርስ ያለው ሰው በተፈጥሮው ለዚህ ችግር የተጋለጠ ነው። ተደራርበው የኖሩ ጥርሶች በሽቦ ሲስተካከሉም ቀዳዳዋ ብቅ ትላለች። ቪንሰንት ኮኪች የተባለው እውቅ የጥርስ ማስተካከል ሊቅ ከባልደረባው ጋር በ2001 ባሳተመው ጥናት፣ በጉልምስና ዕድሜያቸው ሽቦ ካስገቡት ውስጥ 38 በመቶ ያህሉ ላይ ክፍተቷ ተገኝታለች። ጉዳቷም መልክን በማበላሸት አያበቃም። ምግብ ይሰገሰግባታል፤ ምግቡ ሲከማች ደግሞ ድዱን መልሶ ያስቆጣዋል።

ከትሉ እስከ ፎሻር

በልጅነቴ በሰፈራችን ጥርስ ያመመው ሰው ትል አለበት ይባል ነበር። የቅጠል ወይም የፍሬ ጢስ በአፉ እንዲገባ ተደርጎ «ይኸው ትሉ ወጣ» የሚባልበት ጊዜም ነበር። ይህ የኛ ኋላ ቀርነት ብቻ የሚመስለን ካለን ተሳስተናል። የጥርስ ትል እምነት ከባቢሎን ዘመን ጀምሮ በእስያም በአውሮፓም የነበረ፣ እስከ አሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን ድረስ የተማሩ ሰዎችን ጭምር ያሳመነ ነው።

ከዚህ እምነት ውጪ የተራመዱ ሰዎች በየዘመኑ ነበሩ። አንዱ በ1013 ያረፈው፣ በስፔን ኮርዶባ አቅራቢያ የኖረው አረባዊ ሐኪም አል-ዛህራዊ ነው። በሠላሳ ክፍል ባዘጋጀው ታላቅ የሕክምና መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ስለ ቀዶ ሕክምና ሲጽፍ፣ በጥርስ ላይ የሚጋገረውን ቆሻሻ መፋቂያ የሚሆኑ የብረት መሣሪያዎችን ሥዕል አስቀምጧል። ቆሻሻው በአንድ ቀን ካልለቀቀ በማግሥቱም በሦስተኛውም ቀን መፋቅ እንደሚገባ ያዛል። የተነቃነቁ ጥርሶችንም በወርቅ ሽቦ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ያስር ነበር። ከሺህ ዓመት በኋላ ለእኔ የተደረገልኝ ጥልቅ ጽዳት በመሠረቱ ከዚህ የተለየ አይደለም። የተለወጠው መሣሪያውና ማደንዘዣው ነው።

ሁለተኛው ፈረንሳዊው ፒየር ፎሻር ነው። በ1728 ባሳተመው ሁለት ቅጽ መጽሐፍ የጥርስን ሕክምና ከፀጉር አስተካካዮችና ከገበያ ጥርስ ነቃዮች እጅ አውጥቶ በሥርዓት የተጻፈ ሙያ አደረገው። ትሉን በማጉያ መነጽር ፈልጎ እንዳላገኘ ጽፏል። ሙያውን የሚደብቁ ሰዎች በበዙበት ዘመን ጥርሱን የነቀለበትን ጥበብ ለሕዝብ ማውጣቱ ብቻውን ያስመሰግነዋል። ለዛሬው ጉዳያችን ከዚህ የሚበልጥ ጥቅም ያለው ግን አንድ አስተዋጽኦው ነው፤ የጥርስን አቀማመጥ ለመለወጥ የብረት ጥፍጥፍና ክር የተጠቀመበትን ዘዴ ገልጿል። ጥርስ ቀስ ተብሎ ከተገፋ እንደሚንቀሳቀስ፣ አጥንቱም እንደሚከተለው የማወቅ ጅማሬ ይህ ነው።

የነቀለውና ያዳነው ሰው

የዚህ ታሪክ በጣም የሚያስገርመኝ ባለ ድርሻ ጆን ሪግስ ይባላል። በታኅሣሥ ወር 1844 በአሜሪካ ሀርትፎርድ ከተማ ሆራስ ዌልስ የተባለው የጥርስ ሐኪም በሚያስቅ ጋዝ ደንዝዞ የራሱን ጥርስ አስነቀለ። የማደንዘዣ ታሪክ ሲጻፍ የዌልስ ስም ሁልጊዜ ይነሳል፤ ጥርሱን የነቀለው ሰው ግን ይረሳል። እሱ ሪግስ ነበር። በዓለም ላይ ያለ ሕመም ጥርስ መንቀልን እውን ካደረጉት አንዱ የሆነው ይህ ሰው ቀሪ ዘመኑን የኖረው ላለመንቀል ሲታገል ነው። ድዳቸው የደማና የመገለ ሰዎችን ጥርስ መንቀል ስህተት መሆኑን፣ ከድድ በታች ያለው የተጋገረ ቆሻሻ ተፍቆ ከጸዳ ጥርሱ እንደሚድን እየዞረ አስተማረ። በሽታውም ለረጅም ጊዜ «የሪግስ በሽታ» ተብሎ በስሙ ተጠርቷል።

የሚያሳዝነው የሪግስ ድምፅ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ መዋጡ ነው። በ1910 እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሀንተር ካናዳ ሞንትሪያል ውስጥ ባደረገው ንግግር፣ በወርቅ ክራውን ሥር የተደበቀ መግል የብዙ በሽታ ምንጭ ነው ሲል የዘመኑን የጥርስ ሥራ አወገዘ። ወቀሳው ከፊል እውነት ነበረው። ተከታዮቹ ግን ወደ ሌላ ጽንፍ ወሰዱት። ለቁርጥማቱም ለጨጓራውም ለድካሙም ጥርስ መንቀል መድኃኒት ሆነ። ንድፈ ሐሳቡ በ1930ዎቹ መጨረሻ በጥናት እስኪዳከም ድረስ ስንት ጤነኛ ጥርስ እንደተነቀለ የሚያውቅ የለም።

እኛም ከዚህ ነፃ አይደለንም። በአገራችን እንጥል ማስቆረጥና ግግ ማስወጣት እየተባለ በሕፃናት አፍ ላይ የተደረገው ከዚሁ አስተሳሰብ ጋር ዝምድና አለው። ሰውነት ሲታመም አፍን ጥፋተኛ ማድረግ፣ ከዚያም ነቅሎ መገላገል! የሰለጠነውም ያልሰለጠነውም ዓለም በአንድ ሐሳብ ተገናኝቶ ነበር ማለት ነው።

አሥራ ሁለቱ ሰዎችና አምስቱ ሚሊ ሜትር

ከእምነት ወደ መለኪያ የተሻገርነው ዘግይተን ነው። በ1965 ዴንማርክ ኦርሁስ ውስጥ ሃራልድ ሎ የተባለ ኖርዌያዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ድዳቸው ጤነኛ የሆነ 12 ሰዎች ጥርሳቸውን መቦረሽ እንዲያቆሙ አደረጉ። ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የሁሉም ድድ ተቆጣ። ብሩሹ ሲመለስላቸው ሁሉም በቀናት ውስጥ ዳኑ። ሙከራው ቀላል ይምሰል እንጂ ያስተማረው ትምህርት ከባድ ነው። የድድ ቁጣ የዘር ወይም የእርጅና ዕጣ ሳይሆን በጥርስ ላይ የሚከማች የባክቴሪያ ሽፋን ውጤት መሆኑን፣ በጊዜ ከተደረሰበትም እንደሚመለስ አሳየ። የማይመለሰው ቁጣው ወደ አጥንቱ ከወረደ በኋላ ያለው ጉዳት ነው።

የእኔን ጥያቄ በቀጥታ የመለሰልኝ ግን የ1992ቱ ጥናት ነው። ኒው ዮርክ ውስጥ ዴኒስ ታርናውና ባልደረቦቹ በ30 ሰዎች አፍ ውስጥ 288 ቦታዎችን ለኩ። የለኩት ሁለቱ ጥርሶች ከሚነካኩበት ነጥብ እስከ አጥንቱ ጫፍ ያለውን ርቀት ነው። ርቀቱ 5 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ሲሆን የድዷ ድንኳን በሞላ ጎደል በሁሉም ቦታ ላይ ክፍተቱን ሞልታው ተገኘች። 6 ሚሊ ሜትር ሲሆን የሞላችው በ56 በመቶው ላይ ብቻ ነው። 7 ሲደርስ ወደ 27 በመቶ ወረደ።

አንድ መሐንዲስ ይህን ሲያነብ ከመቀመጫው ይነሳል። እንግዲህ ነገሩ ሁለት ጫፍ ያለው ርቀት ነው። አንዱ ጫፍ አጥንቱ፣ ሌላው ጫፍ የጥርሶቹ መነካኪያ ነው። አጥንቱን ማሳደግ ካልቻልን መነካኪያውን ወደ ድዱ ማስጠጋት እንችላለን። ልዩነቱ ደግሞ አንድ ሚሊ ሜትር ነው! ከ1992 በፊትም በኋላም የተሠራባቸው የተሳካላቸው ዘዴዎች በሙሉ፣ መልካቸው ይለያይ እንጂ፣ ያቺን አንድ ሚሊ ሜትር ለመብላት የሚደረጉ ጥረቶች ናቸው።

ሦስቱ መንገዶች

አማራጮቹን በሦስት መክፈል ይቻላል፤ ማንቀሳቀስ፣ መሙላት፣ ማብቀል።

1ኛ. ማንቀሳቀስ። አሜሪካዊው ኤድዋርድ አንግል በ1899 የጥርስ አገጣጠምን ጉድለት በዓይነት ከከፋፈለና በተከታዩ ዓመት ትምህርት ቤት ከከፈተ ወዲህ ጥርስን በሽቦ ማስተካከል ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። ከ1997 በኋላ ደግሞ አላይን ቴክኖሎጂ የተባለው ኩባንያ በኮምፒዩተር የሚነደፉ፣ ብርሃን አሳላፊ የፕላስቲክ ማስተካከያዎችን ይዞ ብቅ አለ። ለጉዳያችን ዘዴው እንዲህ ነው። ጥርሶቹ በሚነካኩበት ጎን ላይ ከኢናሜሉ በሚሊ ሜትር ክፍልፋይ የሚለካ ስስ ሽፋን ይሞረዳል። ነጥብ የነበረው መነካኪያ ሰፊ ገጽ ይሆናል። ከዚያ ጥርሶቹ ሲቀራረቡ መነካኪያው ወደ ድዱ ይወጣል፤ ክፍተቷ ትጠባለች። የጥርሶቹ ሥሮች ተበታትነው ከሆነም ትይዩ በማድረግ ብቻ ብዙ ለውጥ ይገኛል። ጉዳቱ ወራት መፍጀቱና ኢናሜል መቀነሱ ነው፤ የድድ በሽታው ሳይጠፋ ከተጀመረ ደግሞ አጥንቱን የባሰ ይጎዳል።

2ኛ. መሙላት። የዚህን መንገድ ታሪክ ሳነብ የሙያ ኩራት ተሰምቶኛል። በ1955 ኒው ዮርክ ግዛት ሮቼስተር ውስጥ ማይክል ቦኖኮር የተባለው ተመራማሪ፣ በፋብሪካ ቀለም ብረት ላይ እንዲይዝ ብረቱ አስቀድሞ በፎስፎሪክ አሲድ እንደሚታጠብ ያውቃል። ያንኑ አሲድ ለሠላሳ ሰከንድ ያህል ጥርስ ላይ ቀባው። የኢናሜሉ ገጽ በዓይን በማይታዩ ጉድጓዶች ተሸረሸረና ፕላስቲኩ ሥር ሰዶ ያዘ። በ1962 ደግሞ በአሜሪካ የመለኪያዎች ቢሮ ይሠራ የነበረው ራፋኤል ቦወን ዛሬ ኮምፖዚት ለምንለው የመሙያ ዓይነት መሠረት የሆነውን ሙጫ የባለቤትነት መብት አገኘበት። ሁለቱ ሲጋጠሙ፣ ጥርስን ሳይሞርዱ በጎኑ ላይ ትንሽ ቁስ ጨምሮ ቅርጹን መለወጥ ተቻለ። ክፍተቷ ባለችበት በሁለቱም ጥርስ ጎን ላይ ኮምፖዚት ሲጨመር መነካኪያው ወደ ድዱ ይረዝማል፤ የተጨመረውም ቁስ ድዷን በቀስታ ገፋ አድርጎ ቦታዋን እንድትሞላ ይረዳታል። ከጊዜ በኋላ ቀለም ይይዛል፣ ይሰበራል፣ መታደስም ይፈልጋል። ግን የሚታደስ ነው፤ ከሥሩ ያለው ጥርስም እንዳለ ነው።

የቪኒር ታሪክ ከሆሊውድ ይጀምራል። በ1930ዎቹ ቻርልስ ፒንከስ የተባለ የካሊፎርኒያ የጥርስ ሐኪም ለፊልም ተዋናዮች ለቀረጻ ሰዓት ብቻ የሚለጠፉ ስስ የጥርስ ሽፋኖችን ይሠራ ነበር። ቀረጻው ሲያልቅ ይወልቃሉ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሸክላው ራሱ በአሲድ ተሸርሽሮ እንዲጣበቅ ማድረግ ሲቻል ጌጡ ቋሚ ሆነ። በሠለጠነ እጅ፣ ለሚገባው ሰው ከተሠራ ያማረና ብዙ ጊዜ የሚቆይ ሥራ እንደሆነ አልክድም። ግን ብዙውን ጊዜ ጥርስ ተሞርዶለት ነው። ጥርሶቹ ቀድሞውኑ የተጎዱ ከሆነ ትርጉም ይሰጣል። ሁለት ጥርስ መሃል ላለች አንዲት ክፍተት ስድስት ጤነኛ ጥርስ መሞረድ ግን አንዲት የምታፈስ ቆርቆሮ ለመድፈን ጣሪያውን በሙሉ ማፍረስ ነው።

3ኛ. ማብቀል። ሁላችንም የምንመኘው ይህን ነው፤ የጠፋው ድድ ይመለስ! እዚህ ላይ ሳይንሱ ትሑት መሆን ተገድዷል። በ1990ዎቹ፣ በተለይም በ1996 ሀንና ታኬይ እንደገለጹት፣ ድዱን ከላይ ቀድዶ ወደ ታች በማውረድ ከሥሩም ከላንቃ የተወሰደ ሥጋ በመክተት ድንኳኗን መልሶ ለማቆም ተሞክሯል። ውጤቱ ግን እንደ ሰዉና እንደ እጁ ይለያያል። ቦታዋ ጠባብ፣ የሚደርሳት ደም ጥቂት ስለሆነ የተተከለው ሥጋ በቀላሉ አይጸድቅም። በ2010 ደግሞ ዊልያም ቤከርና ባልደረቦቹ ፊት ላይ የቆዳ መሸብሸብን ለመሙላት የሚውለውን ሃያሉሮኒክ አሲድ በ11 ሰዎች ድድ ውስጥ በመርፌ ሰጥተው ተስፋ ሰጪ ለውጥ አይተዋል። ቁሱ ሰውነት ውስጥ ቀስ በቀስ የሚሟሟ በመሆኑ ዘላቂነቱ አጠያያቂ ነው። ምሰሶው ሳይቆም ድንኳን መወጠር አስቸጋሪ መሆኑን ሁሉም ሙከራዎች በየፈርጃቸው መስክረዋል።

ከእነዚህ ውጪ ብዙ ድድ ለጠፋባቸው ሰዎች ሮዝ ሸክላ ወይም እየወለቀ የሚገባ ሰው ሠራሽ ድድ አለ። በመጨረሻም ብዙዎች የማይጠቅሱት አራተኛ አማራጭ አለ፤ እሱም መተው ነው። በ1999 በታተመ አንድ ጥናት፣ የጥርስ ማስተካከል ባለሙያዎች ክፍተቷን 2 ሚሊ ሜትር ላይ ሲያስተውሏት ተራው ሰው የሚያስተውላት 3 ሚሊ ሜትር ስትደርስ ነው። የድድ በሽታው ከቆመና ክፍተቷ በትንንሽ የጥርስ መሃል ብሩሾች በየቀኑ ከጸዳች አብረዋት መኖር ይቻላል። የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ጥርስ የሰውነት አካል አይደለም ወይ?

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም። ለአንድ ሚሊ ሜትር የሚሆን መፍትሔ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ካስቆጠረ፣ ለምን በመጀመሪያ የቀረበልኝ ከሁሉም ውዱና የማይመለሰው ሆነ?

መልሱ በከፊል ታሪካዊ ነው። በ1840 ባልቲሞር ውስጥ የመጀመሪያው የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ ሲቋቋም ሙያው ከጠቅላላ ሕክምና ተለይቶ የራሱን መንገድ ያዘ። መለያየቱ ለሙያው እድገት ጠቅሞታል። በአንጻሩ ግን አፍ ከቀሪው አካል ተነጥሎ እንዲታይ አደረገ። በ1965 የአሜሪካ መንግሥት ለአረጋውያን ሜዲኬር የተባለውን የጤና ዋስትና ሲያቋቁም መደበኛው የጥርስ ሕክምና ከሕጉ ውጪ ቀረ። ዓይን የሚያሳውር በሽታ በሽታ ነው፤ መንጋጋ የሚበላ በሽታ ግን የኪስ ጉዳይ ሆነ። ከኪስ የሚከፈል ነገር ደግሞ ገበያ ይሆናል፤ ገበያም የሚሸጠው ውድ የሆነውን ነው።

የዚህ ሸክም በስደተኛው ላይ እጥፍ ነው። ታክሲ እየነዳ፣ የመኪና ማቆሚያ እየጠበቀ ቤተሰብ የሚያስተዳድረው ወገናችን የጥርስ ዋስትና ሲያገኝ አልፎ አልፎ ነው። በበጋ አገር ቤት ሲሄድ «እግረ መንገዴን ጥርሴን ላሠራ» ይላል። እስከዚያው ግን የሚደማው ድድ ይደማል። በዓረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራው እህታችን ደግሞ ሲብስባት ማስነቀል ይሆናል ዕጣዋ። ስለ ፖለቲካ ሌሊቱን ሙሉ ስንከራከር የምናድር ምሁራን በማኅበሮቻችን ስብሰባ ላይ ስለ ድድ መድማት አንድ ሰዓት አውርተን እናውቃለን? እኔ በበኩሌ አላውቅም።

የሚገርመው የመከላከያውን ግማሽ ይዘን መምጣታችን ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ1980ዎቹ በተለመደባቸው አገሮች ሁሉ የእንጨት መፋቂያን አጠቃቀም አበረታቷል። የወይራና የክትክታ መፋቂያ እየያዝን ያደግን ሰዎች ነን። ልክ ነው፤ መፋቂያ የጥርስን ገጽ ያጸዳል እንጂ በሁለት ጥርስ መካከል አይገባም፤ ያለ አግባብ ሲፋቁበትም ድድን ይገፋል። ቀሪው ግማሽ በ1815 አካባቢ ሌቪ ስፒር ፓርምሊ የተባለ የአሜሪካ የጥርስ ሐኪም የመከረው የሐር ክር ነው። መፋቂያውና ክሩ ተደምረው ከአንድ ማኪያቶ ዋጋ አይበልጡም።

ማጠቃለያ

ለማንኛውም የራሴን ጉዳይ ልቋጭ። ስድስት ወር ታግሼ፣ ድዴ መድማቱን ማቆሙን አረጋግጬ፣ በሌላ ከተማ ወደምትገኝ የድድ ስፔሻሊስት ሄድኩ። ሐኪሟ አደንዝዛኝ ለካችና «6 ሚሊ ሜትር» አለችኝ። ሳቅሁ። ለምን እንደሳቅሁ ስነግራት እሷም ሳቀች። የላከችኝ የጥርስ ሐኪም ሳይሞርድ፣ አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ በሁለቱ ጥርሶቼ ጎን ኮምፖዚት ጨመረልኝ። ሒሳቡ ከቀድሞው ወረቀት ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ቀዳዳዋ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋችም፤ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀርታለች። ልጄ ግን ስለ ጎመን ዳግመኛ አላነሳችም።

በዚያው ዓመት እናቴ ልትጠይቀን መጣች። እማዬ ስትስቅ ሁልጊዜ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍናለች። ከሕፃንነቴ ጀምሮ የማውቀው ይህ ነው፤ የጨዋ ሴት ወግ ይመስለኝ ነበር። ስለ ጥርሴ ታሪኩን ሳጫውታት ነጠላዋን እንደያዘች ዝም ብላ አዳመጠችኝና «እኔም እኮ እሷው ነበረችብኝ» አለች። ታናሽ ወንድሜ ከተወለደ በኋላ ድዷ ይደማ ጀመር። ቀጥሎ ያቺው ቀዳዳ ተከፈተች። አፏን በነጠላ መሸፈን የጀመረችው ያኔ ነው። «ማን ይጠየቃል ልጄ፤ ለጥርስ ተብሎ ሐኪም ቤት ይኬዳል?» ከዚያ ጥርሶቿ ይነቃነቁ ጀመር፤ በየተራም በአቅራቢያው ጤና ጣቢያ ተነቀሉ። ጨዋነት ብዬ ስመለከተው የኖርኩት አርባ ዓመት ሙሉ ያልታከመ በሽታ ነበር።

እናቴ ያኔ ያስፈለጋት ቪኒር አልነበረም፤ የአል-ዛህራዊ መፋቂያ፣ የሪግስ ትዕግሥትና የሐር ክር ይበቃት ነበር። አንድ ሰው «ይህ የሚደማው ለምንድን ነው?» ብሎ በጊዜ ቢጠይቃት ኖሮ ምናልባት ዛሬ ቆሎ ትቆረጥም ነበር።

ስለዚህ ውድ አንባቢ ሆይ፣ ይህን ካነበቡ በኋላ አንድ ነገር ብቻ እጠይቅዎታለሁ። ዛሬ ማታ ሲቦርሹ የሚተፉትን ይመልከቱ። ቀላ ካለ በብሩሹ አያሳብቡ፤ ቀጠሮ ይያዙ። ወረቀት ቀርቦልዎት ፈርሙ ከተባሉም ከመፈረምዎ በፊት ሦስቱን ጥያቄዎች ይጠይቁ። ከዚያም ወደ አገር ቤት ደውለው እናትዎን ይጠይቋቸው።

ቸር ይግጠመን።